ጭስ ማውጫዬ በጥርም ያንጠባጥባል

በዚህ እትም የምመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው። ሦስቱ የጭስ ማውጫና የቦይለር ናቸው፣ አንዱ ደግሞ የከሰል። ለየብቻ ላወጣቸው ነበር ያሰብኩት፣ ግን ሳነባቸው የአንዱ መልስ ሌላውን ስለሚያግዝ አንድ ላይ አደረግኳቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ እሱ ከገባን የቀረው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ማርቆስ ዳቦ ቤት አለኝ። ድሮ በእንጨት ነበር የምንጋግረው፣ ከሁለት አመት በፊት በናፍጣ በርነር ቀየርኩት። ጭስ ማውጫው ግን የድሮው ነው፣ ከታች ሰፊ የጡብ፣ ከጣራ በላይ የላሜራ ቱቦ። አሁን ሌሊት ስንለኩስ ከቱቦው መጋጠሚያ ቢጫ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ግድግዳውን አበላሸው፣ ቱቦውም ዝጎ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣለት። በያጁ ዝናብ ነው ብሎ ቆብ ሰራለት፣ ዙሪያውንም በሬንጅ ደፈነልኝ። ይኸው ጥር ገብቶ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ያው ነው። ሌላው ደግሞ ናፍጣህ ውሃ ተቀላቅሎበት ነው ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃው ከላይ አልወረደም፣ ናፍጣህም ላይ ማንም ውሃ አልጨመረም፣ ውሃውን የሚሰራው እሳቱ ራሱ ነው። ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፣ እሳትና ውሃ እንዴት አብረው ይሆናሉ ይሉኛል፣ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ናፍጣ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን አለ፣ ሃይድሮጅኑ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል፣ እሳቱ ትኩስ ስለሆነ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ አናየውም እንጂ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ሌሊቱን 20 ሊትር የምታቃጥል ከሆነ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ በዛ ቱቦ ያልፋል ማለት ነው።

ያ እንፋሎት ትኩስ እስከሆነ ድረስ ምንም አይልም፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው ችግሩ። እንጀራ ስትጋገር አክንባሎው ስሩ እንዴት እንደሚያልበው አይተሃል፣ አረቄ ሲወጣም እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ ቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ሲገባ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ያንተ ቱቦም ያንኑ ነው የሚሰራው። ጭሱ እስከምን ድረስ ሲቀዘቅዝ ነው ማላብ የሚጀምረው ለሚለው ባለሙያዎቹ የጤዛ ነጥብ ይሉታል፣ በጥቅምት ጠዋት ሳሩ ላይ እንደምናየው ጤዛ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ማገዶም የራሱ ነጥብ አለው። በባህር ጠለል ከፍታ የተፈጥሮ ጋዝ ጭስ ከ55 እስከ 59 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያልበዋል፣ የሲሊንደር ጋዝ ከ50 እስከ 55፣ ናፍጣ ደግሞ 47 አካባቢ። ልዩነቱ የሚመጣው ማገዶው ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ነው፣ ሃይድሮጅኑ በበዛ ቁጥር ጭሱ እርጥብ ይሆናል፣ እርጥብ ጭስ ደግሞ ገና ሞቅ እንዳለ ማላብ ይጀምራል።

መጽሐፍ ላይ የምታገኘው ቁጥር ግን ለባህር ጠለል ነው፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዛ የአየሩ ግፊት የባህር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላውና የባቄላ ንፍሮ እሳት ላይ የሚያመሸውም ለዚሁ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የጤዛው ነጥብም አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ያንተ የናፍጣ ጭስ 47 ሳይሆን 41 ዲግሪ አካባቢ ነው ማላብ የሚጀምረው። ይሄ ትንሽ ይጠቅምሃል፣ ግን የሌሊቱ ብርድ ጥቅሙን መልሶ ይወስደዋል፣ ጣራ ላይ ተገትሮ ንፋስ የሚመታው ስስ ላሜራ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 41 ዲግሪ የት ያገኛል? አስተውል ደግሞ፣ መሃል ላይ ያለው ጭስ 150 ሆኖ የቱቦው ግድግዳ 35 ሊሆን ይችላል። የሚያልበው ግድግዳው ላይ ስለሆነ ጭሱ ትኩስ ነው ብሎ መረጋጋት አይቻልም።

ላሜራውን የበሳው ደግሞ ውሃው ብቻውን አይደለም። ናፍጣ ውስጥ ትንሽም ብትሆን ሰልፈር አለች፣ ስትቃጠል ከፊሏ ከእንፋሎቱ ጋር ሆና የሰልፈር አሲድ ትሰራለች፣ አሲዱ ደግሞ ከውሃው በጣም ቀድሞ፣ ከ110 እስከ 140 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ነው ግድግዳ ላይ የሚቀመጠው። ቱቦህ ለውሃው ከበቂ በላይ ሞቆ እያለ እንኳ አሲዱ በስሱ ይለብሰዋል፣ ሌሊት በቀዝቃዛው ስትለኩስ ደግሞ ውሃው መጥቶ ያቀጥነውና በየመጋጠሚያው ያወርደዋል፣ ያ ቢጫ ቡናማ ነገር ዝገትና አሲድ አንድ ላይ ነው። በባዶ እጅ አትንካው፣ ልጆቹም እንዳይነኩት።

በእንጨት ጊዜስ ለምን አላስቸገረህም? እንጨት ሲነድ ብዙ ትኩስ ጭስ ነው ወደ ላይ የሚልከው፣ ሰፊውን ጡብ ያሞቀዋል፣ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ ጡቡ ለሰዓታት አይበርድም። በርነር ግን ይነሳል ይጠፋል ይነሳል ይጠፋል፣ ጭሱም ትንሽ ነው፣ በዛ ሰፊ ጡብ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ሙቀቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። በርነር ሲገባ ጭስ ማውጫው አብሮ መታሰብ ነበረበት፣ ይሄ ባንተ ብቻ የደረሰ አይደለም፣ እኔ ካየኋቸው ዳቦ ቤቶች አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ስራው። ቆቡንና ሬንጁን ተወው። ጡቡ ውስጥ ለበርነሩ ልክ የሆነ ጠበብ ያለ የስቴንለስ ቱቦ ከታች እስከ ላይ አስገባበት፣ ከጣራ በላይ ያለውን ደግሞ ድርብ አድርገህ መሃሉን ሮክ ውል፣ ጥጥ የሚመስለውን ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ክር፣ ሙላው፣ ይሄ ነው ዋናው መድኃኒት፣ ቱቦውን ብርድ ልብስ አለበስከው ማለት ነው። ገንዘቡ አንዴ ካልተገኘ ከጣራ በላይ ካለው ጀምር፣ ቶሎ የሚበርደው እሱ ነው። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ ውሃ መውረጃ ቀዳዳና መቀበያ ዕቃ ይኑረው፣ ምክንያቱም ስትለኩስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ምንም ብታደርግ ትንሽ ያልበዋል፣ ዋናው ከሞቀ በኋላ ማቆሙ ነው።

ስለ መጋጠሚያ አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ስለሆነ። በያጆቻችን ዝናብ እያሰቡ የላይኛውን ቱቦ ከታችኛው በላይ ያለብሱታል፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን። ውጪ ውጪውን የሚወርድ ዝናብ እውነትም አይገባም፣ ውስጥ ለውስጥ የሚወርደው ላብ ግን መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ በክፍተቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግድግዳህን ያበላሸው ይሄ ነው። የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ ነው መግባት ያለበት። አንድ ጊዜ ቢቸና የአንድ ሆቴል ቱቦ ላይ ይሄን ብቻ ገልብጠን አስተካክለን ግድግዳው ደረቀ፣ ላቡ አልቆመም ነበር ግን ቢያንስ በመንገዱ ወረደ።

በርነሩንም አስፈትሸው። ለባህር ጠለል የተስተካከለ በርነር እዚህ ሲመጣ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል፣ የአየር መግቢያው ካልተከፈተለት ወይ ኖዝሉ፣ ናፍጣውን የሚረጨው ቀዳዳ፣ ካልተቀነሰ ጥቀርሻ ይሰራል፣ ጥቀርሻው ደግሞ ላቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ላሜራው ላይ ያቆየዋል። አየሩን ከልክ በላይ መክፈትም አይበጅም፣ ጭሱ ይሳሳና የጤዛው ነጥብ ወደ 37 ይወርዳል፣ ጥሩ ይመስላል ግን ሙቀትህን አየር እያሞቅክ በጣራ ትለቀዋለህ። ቴርሞሜትር ከሌለህ፣ ከሞቀ በኋላ ነጠላው ላሜራ ላይ ከላይ ጫፉ አካባቢ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ ቸስ ካለ ከ92 በላይ ነው፣ ዝም ብሎ ከወረደ ውስጡ እያላበው ሊሆን ይችላል። መሰላሉን ሰው ይያዝልህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእንጅባራ ወጣ ብዬ ነው የምኖረው። ልጄ ኩሽናዬ ውስጥ ቱቦ ያለው የተሻሻለ ምድጃ ሰራልኝ፣ ዓይኔ ከጭሱ አርፎ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ከቱቦው ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ምጣዱ ላይ ይወርድብኝ ጀመር፣ ሁለት ቀን እንጀራዬን አበላሸው፣ ሽታውም አይለቅ። የምናነደው ባህር ዛፍና ዲከረንስ ነው። ልጄ ቱቦው አጋማሽ ላይ ክዳን ላድርግለት፣ ሙቀቱ አይጠፋም፣ እንጨትም ይቆጥባል ይለኛል። ላስደርገው?

መልስ፦ እናቴ ጤና ይስጥልኝ፣ ልጅዎ ይመስገን፣ ክዳኑን ግን አያስደርጉት፣ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

እንጨት ትኩስ ሲቆረጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አስር ኪሎ ተሸክመው ሲመጡ አምስቱ ኪሎ ውሃ ነው ማለት ነው። በዛ ላይ ደረቁ እንጨት ራሱ ሲነድ፣ ቅድም ለዳቦ ቤቱ ወንድማችን እንዳልኩት፣ የራሱን ውሃ ይሰራል፣ ከ1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ግማሽ ሊትር ገደማ። ደምረን ስናየው ለአንድ አይነት እሳት እርጥቡ እንጨት በደንብ ከደረቀው እጥፍ ያህል ውሃ ወደ ቱቦው ይልካል። እሳቱም ያንን ውሃ ሲያተን ይደክማል፣ ጭሱ ቀዝቅዞ ይሄዳል። በእርስዎ ከፍታ፣ ምድጃ እንደልቡ አየር ሲያገኝ፣ የደረቀ እንጨት ጭስ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያልበው፣ የእርጥቡ ግን 50 ሲሆን ጀምሮ። የክረምቱ ብርድ ቱቦውን ከውጭ ሲመታው ከዛ በታች ማድረግ አያቅተውም።

የሚወርደው ጥቁር ነገር ግን ውሃ ብቻ ቢሆን ይጠርጉታል፣ ያጣበቀው ቅጥራን ስላለበት ነው። እንጨት ታፍኖ ሲጨስ ሳይቃጠል የሚያመልጥ ዘይት አለው፣ ጭሱ ከ120 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ያ ዘይት ቱቦው ላይ ይለጠፋል፣ እየቆየ እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል። ይሄ እንጀራ ከማበላሸትም አልፎ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ደህና እሳት ሲያነዱ እሱ ራሱ ይያያዛል፣ ቱቦው ውስጥ እንደ ወናፍ ይጮሃል፣ ላሜራው ፍም ይመስላል። ኩሽናው ሳር ክዳን ከሆነ፣ ወይ ቱቦው በማገሩ ተጠግቶ ካለፈ፣ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። የልጅዎ ክዳን እሳቱን የሚያፍን ስለሆነ ይሄን ቅጥራን ነው የሚያበዛው፣ ቆጠብን ያሉት እንጨት ቱቦው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ልጁ መስራት ከፈለገ ይሄን ይስራ፦ ቱቦው ሳሩንና እንጨቱን በደንብ ይራቀው፣ ከጣራው ወጥቶ ብርድ የሚመታው ክፍል በሌላ ሰፋ ያለ ላሜራ ይሸፈንና መሃሉ አመድ ይሞላ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ከላይ ይዘጋ፣ አመድ ሙቀት ይይዛል። ምጣዱ ትይዩ ቱቦ እንዳይኖርም ወደ ጎን ያውጣው። በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት አንዴ እሳት በሌለበት ቱቦውን ነካ አድርገው ያራግፉት፣ በገመድ የታሰረ ሸካራ ቅርንጫፍ ከላይ ወደ ታች ቢጎትቱበት ይበቃል።

እንጨቱ ነው ግን ዋናው። ህዳር ላይ ይቆረጥ፣ ወዲያው ይፈለጥ፣ ግንድ ሆኖ የተጋደመ እንጨት አመት ቆይቶም መሃሉ እርጥብ ነው፣ ዲከረንስ ደግሞ ልጡ ውሃውን ስለሚይዘው ካልተፈለጠ አይሆንም። ከመሬት ከፍ አድርገው ንፋስ በሚያገኘው የቤቱ ጥላ ስር ይደርድሩት፣ እስከ ሰኔ ይደርቃል። ደረቀ ወይ ለማለት ሁለት ፍልጥ ያጋጩ፣ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ዱብ ይላል። የበለጠ ለማረጋገጥ አንዱን ፍልጥ ምልክት አድርገው ሱቅ ሚዛን ላይ በየሁለት ሳምንቱ ያስመዝኑት፣ መቅለሉን ሲያቆም ደርሷል። ለዘንድሮው ክረምት ካልደረሰ የነገውን እንጨት ዛሬ ምድጃው አጠገብ ያሙቁት፣ ከእሳቱ ግን ራቅ አድርገው፣ ማታም ትተውት አይተኙ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ተማሪ ነኝ። ውጭ አገር ጭሱን ሆን ብለው የሚያቀዘቅዙ ቦይለሮች አሉ፣ ከ100 በመቶ በላይ ይሰራሉ ይባላል። አባቴ ትንሽ ፔንሲዮን አለው፣ ለሻወር በሲሊንደር ጋዝ የሚሰራ እንዲህ አይነት ቢያስገባ ያዋጣዋል? ናፍጣስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ100 በላይ የሚሉት ድሮ ሙቀት ሲቆጠር በእንፋሎቱ የሚሄደውን ትተው ስለቆጠሩት ነው፣ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት አለ፣ እነዚህ ቦይለሮች እሱን ይሰበስባሉ። በተፈጥሮ ጋዝ እስከ 11 በመቶ፣ በሲሊንደር ጋዝ 8 ወይ 9፣ በናፍጣ 6 በመቶ ገደማ ነው ጭማሪው፣ ያውም ሁሉንም ውሃ መሰብሰብ ከተቻለ።

ለዚህ ግን ጭሱ የሚነካው ውሃ ከጤዛው ነጥብ በታች የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የሲሊንደር ጋዝ ነጥብ 47 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቧንቧ ውሃ በቀዝቃዛው ገብቶ በቀጥታ ለሻወር የሚሞቅ ከሆነ ይሰራል፣ ሙቅ ውሃው በቱቦ ዞሮ 60 ዲግሪ ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ግን ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ምንም አያልበውም፣ አባትህ ለባዶ ነው ተጨማሪ የሚከፍለው። የሚወጣው ውሃ አሲድነት አለው፣ ከኮምጣጤ የላላ ቢሆንም ተራ ብረት ይበላል፣ ስለዚህ ውስጡ ስቴንለስ ወይ ለዚሁ የተሰራ አሉሚኒየም፣ መውረጃውም ፕላስቲክ መሆን አለበት። በናፍጣ አልመክርህም፣ ከላይ ያልኩት የሰልፈር ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አባትህ ጣራ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ያስብ፣ ባህር ዳር ፀሐይ መች ጠፋ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ተከራይተን የምንኖር ሦስት ልጆች ነን። ማታ በጣም ስለሚበርድ ከሰል አቀጣጥለን እናስገባለን። የሲሊንደር ጋዝ ስናነድ መስኮቱ ያልበው ነበር፣ ከሰል ግን ምንም አያልበውም፣ ጭስም የለውም፣ ስለዚህ ንፁህ ነው አይደል? አንድ ሳህን ውሃም አጠገቡ እናስቀምጣለን።

መልስ፦ ልጆቼ፣ አይደለም። መስኮቱ ያልበው የነበረው 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ስለሚወጣው ነው። ከሰል ግን ገና ሲከሰል ጉድጓዱ ውስጥ ውሃውም ዘይቱም ሃይድሮጅኑም ወጥቶ አልቋል፣ የቀረው ካርቦን ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጭሱ ደረቅ ነው፣ የሚያልበው ነገር የለውም። አለማላቡ ግን መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ፍሙ በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰራል፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ደማችሁ ውስጥ ገብቶ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ቀይ ሆኖ የጋመው ፍምም ይሰራዋል፣ ከተቀጣጠለ አይጎዳም የሚባለው ስህተት ነው። ውሃውም አይስበውም፣ ሳህኑ ምንም አያደርግላችሁም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ካለ፣ በተለይ ሦስታችሁንም እኩል ካማችሁ፣ ብርድ ነው ጉንፋን ነው አትበሉ፣ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቀው ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ለመተኛት ብርድ ልብስና ጋቢ ጨምሩ፣ አንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ስር አድርጉ። ከሰሉን ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከነማንደጃው አውጡት።